ቅርፊት ያልኳቸው

ጥቅምት 8

የገበያ ቀን። ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ዋለ። ከወግዲ የመጡት በቅሏቸውን ደጅ አስረው ገቡ። አንዷ በቅሎ ፊልሙ መሀል ላይ ስትጮህ በማይክ "እሷም ፈርታለች" አልኩ። ሳቁ ቤቱን አናወጠው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ይኸው በቅሎ አስተረጉማለሁ…

ሥራዬ ይሄው ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ያወራል፤ እኔ ድምፁን ቀነስ አድርጌ በአማርኛ እናገርላቸዋለሁ። ወንዱም እኔ፣ ሴቷም እኔ፣ ሽማግሌውም እኔ። ከልጅነቴ የሰው ድምፅ መቅዳት ይሆንልኛል። ያልገባኝን እፈጥራለሁ። ማን ያውቅብኛል?

የቤቱ ባለቤት ጋሽ አለምነው ከደሴ አዲስ ሃርድ ዲስክ አምጥተዋል። አዲስ ይበሉት እንጂ ውስጡ ያለው ሁሉ የሳቸው እኩያ ነው። ጥቁርና ነጭ። ከሰማይ የሚወርድ ነገር፣ መነጽር ያደረገ ሐኪም፣ የምትጮህ ሴት። ሻጩ ጉድ ሠርቷቸዋል። ነገርኳቸው። ኔትወርክ እንዲህ በሚጠፋበት አገር ሁሉም ፊልም አዲስ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ጥቅምት 10

አንዱ ፋይል ስም የለውም። ቁጥር ብቻ፣ 14። ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ልለማመድ ብዬ ብቻዬን አየሁት።

የድንጋይ ከሰል የሚቆፍሩ ሰዎች ከተማ ነው። አንድ ቀን ከተራራው ጀርባ ብርሃን ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ንብ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁን የሰሙ ሠራተኞች ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ምንም አልሆኑም። ይበላሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ሥራውንም ከበፊቱ በርትተውበታል። ግን አይስቁም፣ አያለቅሱም። አንዲት ስልክ ቤት የምትሠራ ሴት አለች፤ ነገሩ የሚገባት ልጇ ሲሞት ነው። ባሏ ልጁን በደረቅ ዓይን ይቀብርና እጁን ታጥቦ ወደ ሥራ ይሄዳል። የጉድጓዱ ባለቤት ደስ ብሎታል። የሚቀር የለ፣ የሚጠይቅ የለ። መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ራሷ ከእነሱ ጋር ተሰልፋ ትታያለች። ፊቷን ቀረብ አድርጎ ያሳየናል። አለቀ።

ጭራቅ የለበትም። ደም የለበትም። ታዲያ ምን አስፈራኝ?

ጥቅምት 15

14ን አሳየሁ። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚህ ቤት አይቼ አላውቅም። ጫት የያዙት እንኳ መቃም ረሱ።

ለእነዚያ ሰዎች ስም አወጣሁላቸው። ቅርፊት። ውስጡ ተበልቶ ውጭው የቀረ። ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ ሳብ አድርጌ፣ "ቅርፊቱ… መጣ" እላለሁ። ባልየው ልጁን ሲቀብር አንድ ሰው ከኋላ "ያ አላህ" ሲል ሰማሁት። ኮራሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ኮራሁ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋሽ አለምነው ከአግዳሚው አልተነሱም። አመማቸው እንዴ ብዬ ጠጋ አልኩ።

"ይሄን እኔ ኖሬዋለሁ" አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድማቸው ተገድሎ አደባባይ ተጣለ። ማልቀስ ክልክል። የሚያለቅስ ቤት ይመዘገባል። እናታቸው ያን ቀን ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፉ ዋሉ። ሰው ቢገባ ዓይናቸው ለምን እንደቀላ መልስ እንዲኖራቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ስለገባው በየቤቱ ሽንኩርት ተከተፈ አሉ። ከዓመታት በኋላ ደርግ ወደቀና አፅሙ ወጣ፤ አሁን አልቅሱ ተባለ። እናታቸው ሊያለቅሱ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አሉ። ምንም የለም።

"ፈረንጅ ይሄን ከየት ሰማው?" አሉኝ። እኔ ማስፈራራቱ እንጂ ሌላው አልታየኝም ነበር።

ጥቅምት 20

ቃሏ ከቤቱ ወጥታለች። ቀይ ካርድ የሰጠ ዳኛ፣ ቅርፊት። ባንክ መስኮት ላይ ፈገግ የማይለው ልጅ፣ ቅርፊት። ሻይ ቤት ስገባ "የቅርፊት አባት" ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ሻዩም በነፃ ሆነ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የአባ ቀን።

ይሄን እዚህ ጽፌው አላውቅም… አባ በጉበት ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። እህቴ ፈይዛ አታውቅም። ሪያድ ሰው ቤት ከገባች ስድስተኛ ዓመቷ ነው። እማና አጎቴ አሕመድኑር ተማክረው ነው ይደበቅ ያሉት። ሰው አገር ብቻዋን ማን ደግፎ ያስለቅሳታል? ቀልቧ ቢጠፋስ? እንዲህ ነው ደንቡ። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው። ስትመጣ በወጉ መርዶ ትረዳለች።

ግን አባን አቅርቡልኝ አለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ… ጆሮው ደከም ብሏል፣ ስልክ አይሰማም አልናት። እንግዲያው በኢሞ ድምፁን ላኩልኝ አለች። እማ አየችኝ። እኔም እማን አየኋት። ስልኩን አፌ ላይ አድርጌ የአባን ሳል ሳልኩ።

እንደዚያ ተጀመረ። ለአንድ ጊዜ ብዬ ነበር። ይኸው በየሐሙሱ እሳላለሁ፣ እመርቃለሁ፣ ስለ ዝናብ አወራለሁ። እማ ከጎኔ ትቀመጣለች። አንዴ ቀድቼ ስጨርስ "እስኪ ድገመው" አለችኝ። ለራሷ ነው።

ኅዳር 5

ፈይዛ ልትመጣ ነው። ኮንትራቷ አልቋል። መልእክቷ ላይ ድምፅዋ ደህና ነው። "አባ፣ አሥራ አምስት ቀን ቀረኝ" ትላለች።

እማ ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ሲመጡባት መጥረጊያ ይዛ ቤቱን ሦስቴ ጠረገችው። ሁለት ዓመት በአባት ድምፅ ሲያወራሽ የኖረው እኔ ነኝ ብዬ እንዴት ነው የምነግራት? እሷ እኮ ናት አዝላ ያሳደገችኝ።

ኅዳር 11

አጎቴ ቤት ምክክር። በቀጥታ ወደ ቤታችን አትገባም። አጎቴ ዘንድ ታርፋለች፣ ራት ትበላለች፣ ትስቃለች፤ ሱብሂ ሲሰገድ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዷታል። አባትሽስ ካለች ለሠርግ ወግዲ ሄዷል ይባል ተባለ። የሚይዟት ሁለት ጠንካራ ሴቶች ተመረጡ። መሬት ላይ እንዳትወድቅ ምንጣፍ ይደረባል። የድምፁን ጉዳይ ማንም አላነሳም። አጎቴ ብቻ ስንወጣ ትከሻዬን ነካ አድርገው "አብሽር" አሉኝ።

ኅዳር 20

ትናንት መጣች። ከስታለች፤ እጇ ግን ወፍሯል። አቀፈችኝና ቁመቴን በመዳፏ ለካችው። ራት ላይ ሁላችንም ስንስቅ አመሸን። የኛ ሳቅ የውሸት ስለሆነ ከፍ ያለ ነበር። ወግዲን ተዘጋጅተንበት ነበር… አልጠየቀችም። አባ የት አለ አላለችም። ደነቀን። ደስም አለን፣ መዋሸት ቀረልን።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ አጎቴ አስቀመጧት።

"ፈይዛ ልጄ፣ ሶብሩን ይስጥሽ። አባትሽ አኺራ ሄዷል።"

ሴቶቹ ዋይታውን ለቀቁት። ሁለቱ ያዟት። እማ ደረቷን እየመታች መሬት ላይ ተዘረጋች። እኔም ጮህኩ። ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ እንዴት እንደሚጮህ አውቃለሁ።

ፈይዛ አላለቀሰችም። "አላህ ይማረው" አለች። የያዟትን ሴቶች እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች፣ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች። ጓዳ ገብታ ውኃ በጆግ ይዛ ወጣች። ለእሷ ለሚያለቅሱት ሰዎች በየተራ ውኃ ሰጠቻቸው። አንዷ አክስታችን ውኃውን ስታፈስ ጨርቅ አምጥታ ጎንበስ ብላ ወለወለችው።

ዋይታው ራሱ አፍሮ ቆመ።

ኅዳር 21

ዛሬም አላለቀሰችም።

ኅዳር 28

ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፣ ያያታል፣ ይሄዳል። ሰው ሲገባ ተነስታ ጫማቸውን ትደረድራለች። ይበላል ወይ፣ ይጠጣል ወይ ትላለች። ከዚያ ቆማ ትጠብቃለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ። ተቀመጪ እስክትባል አትቀመጥም።

አጎቴ ለሰዉ ሁሉ ሶብር ነው ይላሉ። ደረት መምታት፣ ፊት መቧጨር በዲናችን የተጠላ ነው፣ እንዲያውም ከእሷ እንማር ይላሉ። ዛሬ ግን ደጅ ለብቻዬ ወሰዱኝ። "ሶብር እንኳ ዓይን ያረጥባል ሁዜይፋ" አሉኝ።

እማ ሼሁ ዘንድ ወሰደቻት። ቁርኣን ተቀራባት። ሼሁ ጂን የለባትም አሉ። እማ ስትመለስ ከፍቷት ነበር። ጂን ቢሆን እኮ ይወጣል።

ታኅሣሥ 11

ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርሀንነሽ ባላቸው ሞቱ። በኛ ሰፈር ክርስቲያኑ ሲሞት እስላሙ ድንኳን ይተክላል፣ እስላሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ውኃ ይቀዳል። ፈይዛ ከእማ ጋር ሄደች። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ተቀምጣ አየቻቸው፤ ቀጥሎ ተነስታ የለቅሶ ቤቱን ሳህን በሙሉ አጠበች። አንዷ "የአባቷን ያላለቀሰች የሰው ልታለቅስ ነው?" ስትል እማ ሰምታለች። ቤት ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አድርጋ አለቀሰች። ለሟቹ አይደለም።

ልመልሳቸው ሄጄ ነበር። ሦስታችን ስንመለስ ከሱቁ ፊት የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። ካለፍናቸው በኋላ አንዱ ድምፁን ጎርነን፣ ሳብ አድርጎ…

"ቅርፊቷ… አለፈች።"

እኔ ማይክ ላይ እንደማወጣው አድርጎ ነው ያላት። አንዲት ነገር አልቀረችውም።

ዞሬ ልመታው ይገባኝ ነበር። ምን ብዬ? ቃሉን ከማን ሰማህ ብዬ? ፈይዛ ዘወር አላለችም። "ምንድን ነው ያለው?" አለችኝ ቆይታ። የፊልም ነገር ነው አልኳት።

ታኅሣሥ 15

ጋሽ አለምነውን 14ን እናቁም አልኳቸው። በሩን የሚሰብር ሰው እየመጣበት አቁም ትለኛለህ አሉ። እሳቸውም ምን ያድርጉ።

እንግዲያው ትርጉሙን ልቀይር አልኩ። ዛሬ ባልየው ልጁን የሚቀብርበት ቦታ ሲደርስ በለሆሳስ "ይሄ ሰው ደክሞት ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለቀሰውን እናንተ አላያችሁም" አልኩ። አጉረመረሙ። "አትፍረዱበት" ስል ከፊት የተቀመጠ አንዱ "ተርጉም እንጂ አትስበክ" አለኝ። ፉጨት። እግር መሬት ይመታል። ቅርፊቱን መልስልን ይላሉ።

ታገስኩ። እስከ ግማሹ ታገስኩ… ከዚያ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁና አልኩት። ጎርነን፣ ሳብ። "ቅርፊቱ መጣ።" አጨበጨቡ።

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ታኅሣሥ 29

እማ ፈይዛን በጎን በጎን ታያታለች። ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ዓይኗን ታያለች። እኔም አየሁ። ከልጅነቷ ሽንኩርት አያስለቅሳትም ነበር እንዴ? አላስታውስም። ስለ እህቴ የማላስታውሰው ነገር ይሄን ያህል ብዙ ነው?

አንዴ ጅል ነገር ሠራሁ። የአባን ጋቢ ከሣጥን አውጥቼ አልጋዋ ላይ ጣል አደረግኩት። ሽታው አለበት። ስገባ አራት ማዕዘን አጥፋ፣ ጠርዙን ከጠርዝ ገጥማ፣ ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች። ሆቴል እንኳ እንዲህ አያጥፍም።

ጥር 8

ልጽፈው የማልችል ይመስለኛል። ቢሆንም…

ከሰዓት ፈይዛ ቪዲዮ ቤት መጣች። ቤቱ ለጥገና ተዘግቷል፣ ሰው የለም። "ያን የፊልም ነገር አሳየኝ" አለች። ሰምታለች ማለት ነው። ሁሉንም ሰምታለች። አይሆንም ልላት አቃተኝ፤ 14ን ከፈትኩላት። ማይኩን ሳነሳ ተወው አለችኝ። ከሥር ያለውን ዓረብኛ ታነባለች።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትንቀሳቀስ አየችው። እኔ የማየው እሷን ነበር። ሲያልቅ "ቅርፊት የሚል የታለ?" አለች።

የለም አልኳት። እኔ ነኝ።

"ፊልሙ ስም አላወጣላቸውም" አለች። "አንተ ነህ ያወጣህላቸው።"

ንዴት የለባትም። ዋጋ እንደምትጠይቅ ሰው ነው ያለችው። ቀጥላ ስለ ጉድጓዱ ባለቤት አወራች። ያ ሰውዬ ለምን እንደሚደሰት መረዳት አላስቸገራትም፤ እንዲህ ያለ ሰው ታውቃለች። መጀመሪያ ሰሞን ስታለቅስ ማዳሟ ካየቻት ስልኩን ትነጥቃታለች። ቤቱ ውስጥ ልጆች አሉ፣ ፊትሽን አስተካክዪ ትላታለች። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ብቻ ነበር የሷ። ማሽኑ ሲጮህ አብራ ታለቅሳለች፤ ማሽኑ ሲቆም ታቆማለች። አርባ ደቂቃ ነው አለችኝ። ሐሙስ የነጭ ልብስ ቀን ስለሆነ ረዘም ይላል። "የምትልክልኝን ድምፅ የምሰማው ያኔ ነበር" አለች።

የምትልክልኝ… አለች። እኔን።

"መቼ አወቅሽ?"

"የመጀመሪያው ዕለት።"

"በምን?"

"አባ መጀመሪያ ጠግቤ መብላቴን ነው የሚጠይቀኝ። ሰላምታም ሳይሰጠኝ። አንተ መጀመሪያ ጤናዬን ጠየቅክ።"

ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቀች አባ እያለች መለሰችልኝ። ዝናቡ እንዴት ነው ብላ፣ ጉልበትህን ተሻለህ ብላ። እኔ እሷን የማታልል መስሎኝ ሳል ስለማመድ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ስክሪኑን አየችው። የሴትየዋ ፊት እንደቆመ ነበር።

"ብነግርህ ታቆማለህ።"

የቀረውን በአጭሩ ነገረችኝ። አንድ ሐሙስ ማሽኑን ከፍታ፣ ድምፁን ከፍታ፣ ተቀመጠች። ማሽኑ ዞሮ ቆመ። ምንም አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ያኔ ኮንትራቷ ሊያልቅ ገና ዓመት ከመንፈቅ ይቀረው ነበር። ማዳሟ ጎበዝ ሆነሻል አለቻት። ፈይዛ ይሄን ስትለኝ ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ። መስሎኝ ነው።

እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። የእውነቴን፣ ድምፅ ሳልቀዳ። ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ። ቀጥላ ተነስታ ውኃ አመጣችልኝ።

ጥር 10

ለእማ ምኑን እነግራታለሁ? ልጅሽ አልቅሳለች፣ እዚያ ጨርሳዋለች ልበላት?

ጥር 16

ነገርኳት። "እንግዲያው መርዶው ለማን ነበር?" አለች። ብቻዋን እንዳታለቅስ ብለን ደበቅናት፤ ብቻዋን አለቀሰች። ይኸው ነው።

እማ እንዲህ ከሆነማ አብረን እንደገና እናልቅስ ብላ ሞከረች። ፈይዛን አቅፋ ሙሾ ጀመረች፤ የአባን ስም እየጠራች፣ እርሻውን፣ በቅሎውን እያነሳች። ፈይዛ ታቅፋ ተቀመጠች። ደክሞኛል አላለችም፣ ተይኝ አላለችም። እማ እስኪደክማት ድረስ ጠበቀቻት።

የካቲት 6

ፈይዛ ልትመለስ ነው። ከዒድ በኋላ። ኤጀንሲ ሄዳ ተመዝግባ መጥታ ነው የነገረችን። ማንም ሂጂ አላላትም። ለምን ስላት "እዚያ ማንም አልቅሺ አይለኝም" አለች።

አንድ ሰው አትሄጂም ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። አጎቴ ዱዓ አደረጉ። ፈይዛ ከወጣች በኋላ እማ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ "ስልክ ላይ ልጄ ነበረች" አለች።

ይሄን ባልሰማ። እማ ክፉ አይደለችም። ልጇ በሩቅ ስትሆን ይበልጥ ልጇን ትመስላታለች። ያን ልጇን ደግሞ በግማሽ የፈጠርኩላት እኔ ነኝ።

የካቲት 23

ረመዳን። ቪዲዮ ቤት የሚገባው ጥቂት ነው። ጋሽ አለምነው "ምን ሆነሃል፣ እንደ ዜና አንባቢ ትናገራለህ" አሉኝ። ወንዱም ሴቷም አንድ ድምፅ ሆኑብኝ። ቅርፊት የሚለውን ትቼዋለሁ። ማንም አልጮኸብኝም፤ እነሱ ራሳቸው ይሉታል። እኔ ዝም ስል ቤቱ በሙሉ በአንድ ላይ ይለዋል። የኔ መሆኑ ቀርቷል።

ጋሽ አለምነውን ጠየቅኳቸው። እናትዎ በኋላ እንባው ተመለሰላቸው ወይ? ኋላ በስተርጅና? ሃርድ ዲስኩን እየነቀሉ ነበር። ፊታቸውን ሳያዞሩ "አይ" አሉኝ።

ያ ፊልም ሰሪ ብርሃኑን ከተራራ ጀርባ ማምጣቱ አሁን ሳስበው ሰነፍ ነገር ነው። ብርሃን ምን ያደርጋል? ሥራና ዝምታ ይበቃል። ምናልባት እንዲያ ብሎ ቢሠራው ማንም ሊያይለት አይፈልግም ነበር። ሰማይ ላይ ካላመካኘው በቀር ጥፋቱ የማን ይሆናል? የኛ።

መጋቢት 24

ሸኘኋት። መናኸሪያው ጭጋግ ነው፤ የደሴው መኪና እስኪሞላ ቆየን። ከእሷ ጋር የሚሄዱ አራት ልጆች ነበሩ፣ ገና አዲስ። እናቶቻቸው መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው ያለቅሳሉ። ልጆቹም ያለቅሳሉ። ፈይዛ ለአንዷ መሀረብ ሰጠቻት። እማ ጉልበቴን ብላ ቀርታለች።



መኪናው ሲነሳ በመስኮት "ሐሙስ ሐሙስ እንዳትረሳኝ" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። "ፈይዛ፣ እያወቅሽ?" አልኳት።

"መጀመሪያ ጠግቤ መብላቴን ጠይቀኝ" አለች።

መኪናው ጥግ እስኪዞር አየሁት። የሚጠበቅብኝን አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚለቀስ አውቃለሁ። ቆሜ ጠበቅኩት። አልመጣም። ብርዱ ነው አልኩ።

ሚያዝያ 8

ሐሙስ። ኔትወርክ ከሰዓት መጣ። የፈይዛ መልእክት አለ።

"አሰላሙ አለይኩም አባ። ደርሻለሁ። ቤቱ ትልቅ ነው፣ ሰዎቹ ደህና ናቸው። ዝናቡ እንዴት ነው?" ድምፅዋ ላይ ምንም የለም። ከኋላዋ ማሽን ይዞራል።

እማ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ስልኩን አፌ ላይ አደረግኩ። ሳልኩ።

"ልጄ፣ ጠግበሽ በላሽ?"

ከዚያ ስለ በልጉ ነገርኳት። ስለ ገብሱ። መረቅኳት። አንዴም አልተሳሳትኩም፣ መድገም አላስፈለገም። ድሮ ስቀዳ መሀል ላይ ጉሮሮዬ እየተያዘ ሁለቴ ሦስቴ እጀምር ነበር።

እማ "አሁን ልክ እሱን መሰልክ" አለች።

ላክሁት። እጄን ታጥቤ ወደ ሥራ ሄድኩ።